ማኒላ ላይ ፑልና ፖከር፦ ስልሳን ለተሻገረ መንገደኛ

ዱባይ ውስጥ አንድ ሆቴል የጥገና ክፍል 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ከባልደረቦቼ ግማሾቹ ፊሊፒኖች ነበሩ። አርብ አርብ ሳትዋ ሰፈር ወዳለ ፑል ቤት ይወስዱኝ ነበር። አዲስ አበባ ከረንቡላ ቤት ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ፑል የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ኩሽና ውስጥ ሰሃን የሚያጥብ አንድ ልጅ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስቲኬን አስቀምጦኝ ወጣ። «አገራችን ና፣ ያኔ ታያለህ» ይሉኝ ነበር። ጡረታ ስወጣ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ይህን የምጽፈው በእኔ ዕድሜ ላሉ ነው። የእኔ ፕሮግራም ቀላል ነው፦ ቀን ፑል፣ ምሽት ፖከር፣ ከእኩለ ሌሊት በፊት አልጋ።

«ለምን ባንኮክ አይሆንም?» የሚል አለ። ታይላንድ ውስጥ በገንዘብ ካርታ መጫወት ወንጀል ነው። የ1935ቱ የካርታ ሕጋቸው ከ120 በላይ ካርታ መያዝን እንኳ ይከለክላል። በ2016 ፓታያ ውስጥ ብሪጅ የሚጫወቱ 32 የውጭ አገር ሰዎች ተይዘው ታስረው ነበር፤ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ከመካከላቸው አንዷ የ84 ዓመት አሮጊት። ማኒላ ግን ፓግኮር የሚባለው የመንግሥት ድርጅት ፈቃድ የሰጣቸው ካዚኖዎች አሉ፤ በግልጽ ገብተው በግልጽ ይወጣሉ። ፑሉ ደግሞ የአገሩ ሃይማኖት ነው ማለት ይቻላል።

1. ወረቀትና መድኃኒት

የኢትዮጵያም ሆነ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ወገን ለ30 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፤ ፓስፖርቱ ግን ቢያንስ 6 ወር የቀረው መሆን አለበት፣ የመመለሻ ትኬትም ይጠየቃል።

ኢትራቭል የሚባል የኢንተርኔት ምዝገባ አለ። ከመድረስዎ በፊት ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ይሞላል። ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ከመጣብዎ ሌባ ነው፣ ይዝጉት።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ይህ ክትባት ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ከሌላው ይልቅ ሊከብድ ይችላል። ዝም ብለው ሄደው ክንድዎን አይስጡ፣ መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ። ከዚህ በፊት ተከትበው ካርዱ ካለዎት ግን አንድ ጊዜ የተወጉት ለዕድሜ ልክ ይሠራል። መሳቢያዎን ይፈትሹ።

መድኃኒት በእጅ ሻንጣ፣ ከነማዘዣው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ የደም ግፊት ኪኒኔን ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከትቼው ሻንጣው ከሁለት ቀን በኋላ ደረሰ። ሁለት ቀን ሙሉ ፑል ሳይሆን ፋርማሲ ነው የዞርኩት።

2. ማረፊያ ሲይዙ መንገዱን ያስቡ

ሜትሮ ማኒላ አንድ ከተማ አይደለችም። 16 ከተሞችና አንድ አነስተኛ ማዘጋጃ ቤት ተጋጥመው ነው። ትራፊኩ የአዲስ አበባን ያስመሰግናል። ትልልቆቹ ካዚኖዎች፣ ማለትም ሶሌር፣ ኦካዳና ሲቲ ኦፍ ድሪምስ፣ ፓራኛኬ ውስጥ በባሕረ ሰላጤው ዳር ጎን ለጎን ናቸው። ኒውፖርት ከአየር ማረፊያው ተርሚናል 3 ፊት ለፊት ነው። ጥሩ ፑል ቤቶች ግን ብዙዎቹ ኬዞን ሲቲ፣ ቶማስ ሞራቶ የሚባለው ሰፈር አካባቢ ናቸው፤ ያ ደግሞ ሌላ ጫፍ ነው። መሃሉ ላይ ኤድሳ የሚባል አውራ ጎዳና አለ። አርብ ማታ ኤድሳ ላይ የተያዘ ሰው ጾሙን ይፈታል፣ ይጾማል፣ እንደገና ይፈታል።

ስለዚህ ቀኑን ይከፋፍሉ። ኬዞን ሲቲ በሄዱበት ቀን ካዚኖ አይሂዱ፤ ወይም ሦስት ቀን እዚያ፣ ሦስት ቀን ባሕሩ ዳር ይደሩ። ለመንቀሳቀስ ግራብ የሚባለውን የስልክ ታክሲ ይጠቀሙ፤ ዋጋው ሳይሳፈሩ ይታወቃል፣ ክርክር የለም። ካዚኖው ውስጥ ያለው ሆቴል ላይ እንዲያድሩ ግን አልመክርም። ሊፍት ወርደው ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ ሊፍት። መውጫው ሲቀልልዎ መግቢያውም ይቀልልዎታል።

ወቅቱ? ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ አየሩ ደግ ነው። ኤፕሪልና ሜይ ይጠበሳሉ። ግን ዲሴምበርም ዕዳ አለበት፤ ፊሊፒኖች ገናን ከሴፕቴምበር ጀምረው ነው የሚያከብሩት፣ ዲሴምበር ሲደርስ መንገዱ በገበያተኛ ይዘጋል። እኔ ጃንዋሪ እወዳለሁ።

3. መነፅርና ወገብ

ይህን ማንም አይነግርዎትም። የሩቅና የቅርቡ አንድ ላይ ያለበት መነፅር የሚያደርጉ ከሆነ ፑል ላይ ጉድ ይሠራዎታል። ጎንበስ ብለው ስቲኩን ሲያነጣጥሩ የሚያዩት በመነፅሩ የላይኛው ጠርዝ ነው። አንዳንዴ ከፍሬሙ በላይ አልፈው ያያሉ፤ ኳሷ ሁለት ትሆናለች። የሰሜን አየርላንዱ ስኑከር ተጫዋች ዴኒስ ቴይለር ተገልብጦ የተሠራ የሚመስል ትልቅ መነፅር አድርጎ ነበር በ1985 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው። ይሳቁበት ነበር። ዋንጫውን ግን ወሰደ። እርስዎ ያን ያህል አይድከሙ፤ ሰፊ ፍሬም ያለው፣ የሩቅ ብቻ የሆነ ርካሽ መነፅር ያሠሩና ለፑል ብቻ ያድርጉት።

ወገብዎ እሺ ካላለ እስከ ታች አይጎንበሱ። አገጭን ስቲኩ ላይ ማሳረፍ የወጣት ነው። ቀና ብለው ይምቱ፣ ግን ሲመቱ አይነሱ። ጠረጴዛው ላይ መንጠራራት የሚጠይቅ ምት ሲመጣ መደገፊያውን ስቲክ ይጠይቁ። እያንዳንዱ ፑል ቤት አለው፤ ማንም ስለሚያፍር አይነካውም እንጂ።

4. ፑል ቤት መግባት

ከሰዓት በኋላ 8 ወይም 9 ሰዓት ገደማ ይሂዱ፣ በእኛ አቆጣጠር። በእነሱ ሁለትና ሦስት ሰዓት ነው። ይህን የሰዓት ነገር ልብ ይበሉ፤ አንድ ጊዜ «በሁለት ሰዓት» ተባብለን እኔ ማታ ሄድኩ፣ ሰውየው ቀን ጠብቆኝ ሄዷል።

ሲገቡ «ማጋንዳንግ ሃፖን ፖ» ይበሉ። እንደምን ዋሉ ነው። «ፖ» የምትለዋ ቃል የእኛ «አንቱ» ናት፤ ለትልቅ ሰው ንግግር መጨረሻ ላይ ትሰካለች። እርስዎን «ታታይ» ሊሉዎት ይችላሉ፣ አባባ እንደማለት። ቤት ከጋበዙዎ ደግሞ ልጆቹ እጅዎን ይዘው ግንባራቸውን ያስነካሉ። እኛ አገር ጉልበት እንደሚሳመው ነው። እጅዎን አይሰብስቡ፣ ይባርኩ።

ጠረጴዛው በሰዓት ወይም በጨዋታ ይከፈላል። መጀመሪያ «ማግካኖ?» ብለው ዋጋ ይጠይቁ። ኳስ የሚደረድር ልጅ ካለ ሲወጡ 20 ወይም 50 ፔሶ ይስጡት። ስቲክ ሲመርጡ ጠረጴዛው ላይ ያንከባልሉት፤ የተጣመመ ከሆነ ጫፉ ይዘላል። ሙቀቱ እጅ ያልባል፣ ስቲኩም ይያዛል። ጥግ ላይ የሕፃን ፓውደር የመሰለ ዱቄት ያገኛሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሃል ትንሽ ይበቃል። እኔ የመጀመሪያ ቀን አፍስሼው ጨርቁን አረንጓዴ ሳይሆን የሐምሌ ጉም አስመስዬው ነበር። ባለቤቷ ምንም አላለችኝም። ብሩሽ ብቻ አምጥታ ሰጠችኝ።

አሁን ጨዋታው። እኛ አገር የለመድነው አብዛኛው ስምንት ኳስ ነው፤ ሙሉና መስመር ያለው። እዚያ የሚወደደው ዘጠኝ ኳስና አሥር ኳስ ነው። ዘጠኝ ኳስ ላይ ሁልጊዜ መጀመሪያ መንካት ያለብዎት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትንሹን ቁጥር ነው። በደንቡ ተነክቶ ዘጠኟ ከገባች ግን ሌላው ቢቀር ባይቀር አሸንፈዋል። ካጠፉ ተጋጣሚዎ ነጯን በእጁ አንሥቶ የፈለገበት ያስቀምጣል። ይህ ቅጣት ከባድ ነው፤ ስለዚህ የማያገቡት ሲሆን ነጯን ደብቀው መተው ይልመዱ። ለጉልበተኛ ሳይሆን ለተንኮለኛ የተሠራ ጨዋታ ነው። ለእኛ ዕድሜ ይስማማል።

የቆየው የአገሩ ጨዋታ ግን ሮቴሽን ነው። 15ቱም ኳሶች ይደረደራሉ፣ በቁጥር ተራ ይመታሉ፣ የገባው ኳስ ቁጥሩን ያህል ነጥብ ይሰጣል። ሁሉም ሲደመር 120 ነው፤ መጀመሪያ 61 የደረሰ አሸነፈ። ኤፍሬን ሬየስ ያደገው በዚህ ነው። ስለ እሱ ሳይሰሙ ፑል ቤት አይግቡ፣ ፎቶውን ግድግዳ ላይ ያገኙታል። በ1954 ፓምፓንጋ ተወለደ፣ ማኒላ አጎቱ ፑል ቤት አደገ፣ ሌሊት ጠረጴዛው ላይ ይተኛ ነበር። በ1994 የአሜሪካን ኦፕን የሚባለውን የዘጠኝ ኳስ ውድድር ሲያሸንፍ አሜሪካዊ ያልሆነ የመጀመሪያው ሰው ነበር፤ በ1999 የዓለም ዘጠኝ ኳስ ሻምፒዮን ሆነ። ቅጽል ስሙ «ባታ» ነው። ልጅ ማለት ነው፤ በጊዜው ሌላ ትልቅ ኤፍሬን ስለነበረ መለያ ነበር። ሰባን አልፎም አሁንም «ልጁ» ነው። እኛም ሰፈር ስልሳ ዓመት የሞላው «ማሙሽ» አለ አይደል?

ስለ ገንዘብ ደግሞ። «ትንሽ እናስይዝ?» የሚል አይጠፋም። በሕጋቸው ፈቃድ የሌለው ቁማር ክልክል ነው፤ ያም ባይሆን ይሸነፋሉ። ሬየስ በ1985 መጀመሪያ አሜሪካ ሲሄድ ሴሳር ሞራሌስ በሚል ስም ነበር የተጫወተው፤ ዝናው ቀድሞት ስለነበረ። የተሸነፉት ሰዎች ማን እንደገጠማቸው ያወቁት በኋላ ነው። ከፊትዎ ነጠላ ጫማ አድርጎ የሚያዛጋውን ልጅ ማን እንደሆነ አያውቁም። እንደ አዲስ አበባው ያድርጉት፦ የተሸነፈ የጠረጴዛውን ይክፈል፣ ወይም ለስላሳ ይጋብዝ። መጫወቱ እንዲመጣጠን ከፈለጉ «ፓርቲዳ» ይጠይቁ። ብልጫ ስጠኝ ማለት ነው፤ ለምሳሌ እርስዎ ስምንቷን ወይም ዘጠኟን ቢያስገቡ እንዲያሸንፉ። ነውር የለውም። እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ።

5. ምግብ፣ በአጭሩ

አሳማ ሁሉም ቦታ አለ። ኑድል ውስጥ፣ ሾርባ ውስጥ፣ አትክልት የሚመስል ነገር ውስጥ። «ዋላንግ ባቦይ» የምትለውን ይሸምድዱ፤ አሳማ የሌለበት ማለት ነው። ባንጉስ የሚባለው ዓሣ ከነጭ ሽንኩርት ሩዝ ጋር አያሳፍርም። የቧንቧ ውኃ አይጠጡ።

6. ፖከር ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ

ፓስፖርትዎን ይያዙ፤ ካዚኖ ለመግባት 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው፣ ነጭ ፀጉር ያለውን እንኳ መታወቂያ ይጠይቃሉ። ሹራብም ይያዙ። አልቀልድም። ውጭ 33 ዲግሪ ሆኖ ውስጡ ደብረ ብርሃን ነው።

ከቤት ሲወጡ የዕለቱን ገንዘብ ይለዩ። እኔ ለአንድ ምሽት 5,000 ፔሶ እይዛለሁ። የባንክ ካርዴ ሆቴል ካዝና ውስጥ ይቀራል። ካርድ ኪስ ውስጥ ካለ 5,000 የሚባል ነገር የለም።

ፖከር ክፍሉ በር ላይ ያለውን ሰው ትንሹ ጠረጴዛ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። «25/50» ወይም «50/100» ቢልዎ፣ ካርታ ሳያዩ ተራ የደረሳቸው ሁለት ሰዎች የሚያስይዙት መደብ ነው። ትንሹን ይምረጡና ስምዎን ያስመዝግቡ። ቦታ ሲገኝ ይጠሩዎታል። ቤቱ ከእያንዳንዱ ትልቅ መደብ ላይ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ስንት እንደሆነ ሳይቀመጡ ይጠይቁ።

የሚጫወቱት ቴክሳስ ሆልደም ነው። ሁለት ካርታ ለእርስዎ፣ አምስት ለሁሉም መሃል ላይ። ኮንከር ለምዶ ለመጣ ሰው ትልቁ ችግር ዙሩ መብዛቱ አይደለም፣ መታገሡ ነው። በሰዓት ከ25 እስከ 30 ጊዜ ካርታ ይታደላል። ጥንድ ካርታ የሚያገኙት በአማካይ ከ17 አንዴ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ሥራዎ መጣል ነው። ከአምስት አራቱን ይጣሉ። ቡና ይጠጡ፣ ሰው ይዩ።

ጠረጴዛው ላይ የሚያሳፍሩ ሦስት ስሕተቶች አሉ። ተራ ሳይደርስ መጣል። ቺፕ (በገንዘብ ፋንታ የሚያስይዙትን ክብ ምልክት) በሁለት ጊዜ ወደፊት መግፋት፤ ስንት እንደሆነ በአፍዎ ካልተናገሩ የመጀመሪያው ብቻ ይቆጠራል። ሦስተኛው፣ ገና ጨዋታው ሳያልቅ ስለጣሉት ካርታ ማውራት። የሐበሻ ወሬ እዚህ አይሠራም።

አንድ እጅ ላሳይዎ። መደቡ 50/100 ነው። ሁለት ንግሥት ደረሰችኝ። 400 አልኩ። ሁሉም ጣለ፤ መጨረሻ ላይ የተቀመጠች ሴት ብቻ 400ውን ገጠመች። ሰባ ዓመት ይሆናታል፣ የጄድ አምባር አድርጋለች፣ ሠራተኞቹ «ሎላ» ይሏታል፣ አያቴ እንደማለት። መሃል ላይ ንጉሥ፣ ስምንትና ሦስት ወጣ። መሃል 950 ፔሶ አለ። እኔ 600 አስያዝኩ። ሎላ አምባሯን ወደ ላይ ሰብሰብ አደረገችና 2,000 አለች። ለመግጠም 1,400 መጨመር አለብኝ። እጄ ቺፑ ላይ ነበር። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አይቻታለሁ፤ አምባሯን ስትሰበስብ አንድም ጊዜ ባዶ እጅ ይዛ አልተገኘችም። ጣልኩ። ሳቅ አለችና አንዱን ካርታ ገልጣ አሳየችኝ። ንጉሥ። 1,000 ፔሶ ከሰርኩ፤ ቀሪው ግን ኪሴ ውስጥ ነው። ሁለት ሰዓት በመጣል ያሳለፍኩት ለዚች ደቂቃ ነበር።

በየሰዓቱ ይነሱ። እግርዎን ያንቀሳቅሱ፣ ውኃ ይጠጡ። ቦታዎን ይጠብቁልዎታል። የማታ መድኃኒትዎን ሰዓት ስልክዎ ላይ ይሙሉ፤ ካዚኖ ግድግዳ ላይ ሰዓት አይፈልጉ። ምሽት 2 ሰዓት ላይ ወደ ቤት ይደውሉ፣ አዲስ አበባ ገና ቀኑ 9 ሰዓት ነው።

7. ቤት የሚጋብዝ እንግዳ

ይህን ቀስ ብለው ያንብቡ። ለሽማግሌ መንገደኛ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው፣ ፖሊስም ያውቀዋል። መንገድ ላይ ወይም የገበያ ማዕከል ውስጥ አንዲት ደርባባ ሴት ታገኝዎታለች። «ከየት መጡ?» ትላለች። የትም ይበሉ፣ እህቷ በቅርቡ እዚያ አገር ለነርስነት ልትሄድ ነው፤ እናቷም ተጨንቃለች፣ እባክዎን ቤት መጥተው ያጽናኑልኝ። ምሳው ጥሩ ነው። ከዚያ ካዚኖ ካርታ አከፋፋይ የሆነ አጎት ይገባል። ለቀልድ ካርታ ያሳይዎታል፣ በምልክት እየተግባባችሁ እንዴት እንደሚያሸንፉ ያስተምርዎታል። ወዲያው በሩ ይንኳኳል፤ ከብሩናይ የመጣ ሀብታም ሰውዬ ነው፣ መጫወት ይወዳል። መጀመሪያ ያሸንፋሉ። መጨረሻ ላይ የሚያሸንፉበት እጅ ይዘው መደቡ ሰማይ ይነካል፣ ገንዘብ ያጥርዎታል፣ አጎትየው ወደ ባንክ ይሸኝዎታል።

እኔን ያገኘችኝ ሪዛል መናፈሻ አጠገብ ነው። የእህቷ ነገር ሲመጣ «እኔ የኢትዮጵያ ሰው ነኝ» አልኳት። ሳታመነታ «እሷም ኢትዮጵያ ልትሄድ ነው!» አለች። ለነርስነት! ሳቄ መጣ፤ ያዳነኝም ሳቁ ነው።

ፊሊፒኖ ቤት አይሂዱ ማለቴ አይደለም፤ እኔ የዱባይ ወዳጄ ቤት ሳምንት ሙሉ ኖሬያለሁ። ሰፈሩ ለቅሶ ነበረና ሌሊቱን ካርታ ሲጫወቱ አድረናል፤ ለቀስተኛው እንዳይተኛ፣ ከመደቡ የሚቆረጠውም ለሐዘንተኛው እንዲሆን። የእኛን የለቅሶ ድንኳን ነው ያስታወሰኝ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ የሚያውቁት ሰው ይጋብዝዎታል፤ ዛሬ የተዋወቁት ሰው ካርታ አያወጣም።

8. መነሳት

ማታ 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ቢያተርፉም ቢከስሩም፣ ይነሱ። ቺፑን ሰብስበው ወደ ገንዘብ ከፋይዋ መስኮት ይሂዱ። የአንዱ ካዚኖ ቺፕ ሌላው ጋ አይሠራም፤ ነገ እመነዝረዋለሁ አይበሉ። ቀንቶዎት ብዙ ካወጡ፣ ያለ ፈቃድ ከአገሩ ይዘው መውጣት የሚችሉት 50,000 ፔሶ ድረስ ብቻ መሆኑን ያስታውሱ፤ ከ10,000 ዶላር በላይ የውጭ ገንዘብ ደግሞ ይመዘገባል። ግራቡን በር ላይ ሆነው ይጥሩ።

ታጋሎግ ውስጥ «ፑያት» የምትባል ቃል አለች። አምሽቶ እንቅልፍ ያጣ ሰው ማለት ነው። የሬየስ ደጋፊ የነበረው የፑል ባለሀብት የቤተሰብ ስምም ፑያት ነው። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ የፈጠረው መስሎኝ ነበር። ነገ ከሰዓት በኋላ ኬዞን ሲቲ የሚጠብቅዎት ልጅ በደንብ ተኝቶ ነው የሚመጣው።

አንድ የ100 ፔሶ ቺፕ ሹራቤ ኪስ ውስጥ ረስቼ አዲስ አበባ ድረስ ይዤ መጥቻለሁ። የልጅ ልጄ ኮመዲኖ ላይ እያሽከረከረች ትጫወትባታለች።